ድምፁ ከኛ፣ አዳራሹ ከናንተ፦ ከደሴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የባህልና የኪነጥበብ ነገር በእጃችሁ ላለ የወሎ ኃላፊዎች፣ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለሀብቶች፣ ሀገር ውስጥም ውጭም ላላችሁ ወሎዬዎች በሙሉ፤

እንደምን ከረማችሁ። እኔ ደሴ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ በበጎ ፈቃድ የሚዘፍን አንድ ኳየር ውስጥ አልቶ ነኝ፣ አልቶ ማለት ከሴቶቹ ወፈር ያለው ድምፅ ነው። ይሄን ምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው፣ እሱም ወሎ የራሱ ኦርኬስትራ ይኑረው፣ እኛም ከሱ ጋ በነፃ እንዝፈን የሚል ነው። በነፃ ያልኩት ኳየሩን ነው፣ መሣሪያ የሚጫወቱት ግን ይከፈላቸው፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን እኛ ማን እንደሆንን ላስረዳ።

36 ሰው ነን። ልብስ ሰፊ አለ፣ ነርሶች አሉ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክብ አንዲት እህታችን አለች ሶፕራኖዎቹን፣ ቀጭን ድምፅ ያላቸውን ሴቶች፣ የምትመራው እሷ ናት፣ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገብቶ ቤዝ፣ ወፍራሙን የወንድ ድምፅ፣ የሚዘፍን ልጅ አለ፣ በዛ ሰዓት ሥራ እንደሚበዛ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱ ግን ማክሰኞና ሐሙስ አይቀርም። ልምምዳችን ከ11፡30 ጀምሮ ነው። ቦታው አንድ ደግ ሰው የፈቀደልን የትምህርት ቤት ክፍል ነው፣ ወንበሩ የልጆች ስለሆነ ቆመን ነው ምንዘፍነው። ደሴን ምታውቋት ታውቋታላችሁ፣ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ መስኮቱ ድረስ ይመጣል፣ ጋቢ ተከናንቦ የሚዘፍን አለ፣ ትንፋሻችን እንደ ጭስ ሲወጣ ይታያል። መብራት ሲጠፋ አናቆምም፣ ኖታ አንብበን ስለማንዘፍን፣ ሁሉም በጆሮና በቃል ስለሆነ፣ ጨለማው ብዙም አይጎዳንም፣ እንዲያውም በጨለማ የዘፈንናቸው ቀናት ከሁሉም ያማሩ ነበሩ እላለሁ።

ግማሻችን በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግን ነን፣ ግማሻችን በመንዙማ። ይሄ ወሎ ውስጥ ወሬ አይደለም፣ የየቤቱ ነገር ነው፣ ግን ኳየር ስትመሠርት ጥያቄ ያመጣል፣ ምን እንዝፈን የሚል። ተቀምጠን ተነጋገርን፣ አንዱ የሌላውን የእምነት ዜማ መድረክ ላይ እንዲዘፍን አናስገድድም አልን፣ ስለዚ የሠርግ ዘፈን፣ የደቦ ዘፈን፣ እረኛ የሚለው፣ እናቶች ሲፈጩ የሚሉት፣ እሱን ያዝን። ከየቤቱ አያቶች ዘንድ እየሄድን ነው በስልክ የቀዳነው፣ አንዳንዷ እማማ አንዱን ግጥም በሦስት ዓይነት ታወጣዋለች፣ የቱ ነው ትክክሉ ስትሏት ሁሉም ነው ትላለች። በ2017 ሁለቱ ጾም በአንድ ሳምንት ልዩነት አብሮ ገባ፣ ሁዳዴም ረመዳንም፣ እና ሐሙስ ሐሙስ ልምምዱን ለማፍጠሪያ ሰዓት አቋርጠን አብረን እንበላ ነበር፣ የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ይሆናል፣ ተምርም ይሆናል፣ ሾርባውን ያለ ሥጋ እንሠራዋለን፣ ከዛ ሶላት የሚሰግድ ይሰግድና ተመልሰን እንጀምራለን። ከዛን ጊዜ ወዲህ ድምፃችን ራሱ ተቀይሯል፣ አብሮ የበላ ሰው ትንፋሹንም አብሮ ይስባል መሰለኝ።

አሁን ስለ ሥራው ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ኳየር ሲባል ተሰብስቦ መጮህ ይመስለዋል። አንድ ቀን አንዱ ዘፈናችን ውስጥ "ሰው አለ" የሚል ነበር። ሁላችንም ስንዘፍነው የሆነ ነገር ያንገጫግጨኛል፣ ግን ምኑ እንደሆነ አላገኘሁትም፣ ዜማው ልክ ነው፣ ምቱ ልክ ነው። ቴነሮቹን፣ ቀጭን ድምፅ ያላቸውን ወንዶች፣ ለብቻ አዘፈንናቸው፣ ለብቻቸው ጥሩ ናቸው፣ አልቶዎቹ ለብቻችን ጥሩ ነን። በኋላ ነው የገባኝ፣ እነሱ ለ-ን አላልተው ነው ሚሉት፣ እኛ አጥብቀን። ሲላላ አንድ ሰው ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ሰው አለ፣ ማለትም ቤቱ ውስጥ ሰው ተገኝቷል ማለት ነው። ፊደሉ አንድ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ 36 ሰው ግን በአንዴ ሁለት ወሬ ሲያወራ ነበር። ያን ምሽት ሙሉውን ሰዓት ያቺ አንዲት ፊደል ላይ አሳለፍነው፣ መቼ ነው ምላሳችን ለ ላይ የሚያርፈው፣ ስንት ምት ይቆያል፣ መቼ እንለቃለን። ቀ፣ ጠ፣ ጨ ላይም እንደዛው ነው፣ 36 ሰው ጠ-ን በተለያየ ቅጽበት ካላት ጣሪያ ላይ የወረደ በረዶ ነው ሚመስለው፣ እኩል ሲሏት ግን ከበሮ አያስፈልግም፣ ፊደሏ ራሷ ከበሮ ትሆናለች። በአማርኛ ለኳየር የሚጽፍ አቀናባሪ ይሄን ማወቅ አለበት፣ ማጥበቅና ማላላቱን ዜማው ካልጠበቀው ሰሚው ቃሉ አይገባውም።

እና ይሄን ሁሉ ለፍተን ምን እንደገጠመን ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ ሰዎቹም ክፉ ሆነው አይደለም። ለአንድ በዓል ዝፈኑ ተባልን፣ ደስ ብሎን ለሁለት ወር ተዘጋጀን፣ ሴቶቹ ቀሚስ አሰፋን፣ ልብስ ሰፊው ጓደኛችን የእጅ ዋጋ አልወስድም ብሎ ሌሊት ሌሊት ሰፍቶ አደረሰልን። በዋዜማው ተደወለና ዘፈኑን በፍላሽ ይዛችሁ ኑ ተባልን። ለምን ስንል፣ ማይኩ ለ36 ሰው አይበቃም፣ ድምፁ ተቀድቶ ይለቀቃል፣ እናንተ ቆማችሁ አፋችሁን ታንቀሳቅሳላችሁ አሉን። ቅጂ የለንም አልን፣ እንግዲያው ከኢንተርኔት የሌላ ዘፋኝ ይወርድና ከሱ ጋ አስመስሉ ተባልን። ሄድን፣ ቀሚሱ ተሰፍቷል፣ ቤተሰብ ተጠርቷል፣ ፀሐይ ላይ ቆመን የሌላ ሰው ድምፅ እየወጣ አፋችንን ከፈትን። አጠገቤ የነበረችው የ19 ዓመት ልጅ መሃሉ ላይ አፏን ዘጋችና ቆመች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ማንም አላያትም፣ እኔ ግን እጇን ይዣት ስለነበር ይሰማኝ ነበር። ከዛ በኋላ ሰርተፍኬት ተሰጠን። እኔ ያንን ሰርተፍኬት የት እንዳደረግኩት አላውቅም።

ከዛን ቀን ጀምሮ ነው እኛ ራሳችን በፍላሽ አንዘፍንም ብለን የተማማልነው፣ ከዛን ቀን ጀምሮም ነው ኦርኬስትራ የሚለው ነገር ውስጤ የገባው።

ለምን ኦርኬስትራ? ኪቦርድ አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ በየሠርጉ አንድ ልጅ ኪቦርድ ይዞ ይመጣና ከበሮውም ቤዙም ማሲንቆውም ከዛው ይወጣል፣ ልጁም ሠርቶ ይበላበታል፣ አልነቅፈውም። ግን እስቲ አምባሰል የሚባለውን የዜማ ቅኝት በኪቦርድ ስሙት፣ ከዛ አንድ ማሲንቆ የሚጫወት ሽማግሌ ጋ ሂዱና ስሙት። ኪቦርድ ቁልፉን ስትጫነው የምታገኘው ድምፅ ፋብሪካ ላይ የተወሰነ ነው፣ ማሲንቆ ግን አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው ያለው፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ምልክት የለውም፣ ተጫዋቹ ጣቱን ትንሽ ወደላይ ትንሽ ወደታች እያለ ያቺን ሆድ የምታባባ ቦታ ራሱ ይፈልጋታል። የሰው ጉሮሮም እንደዛው ነው። ቫዮሊንም እንደዛው ነው፣ የቫዮሊን ታላላቆች የሆኑት ቪዮላም ቼሎም ኮንትራባስም አንገታቸው ላይ እንደ ጊታር ብረት የለም፣ ጣት ባረፈበት ነው ድምፁ ሚወጣው። ስለዚ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ኦርኬስትራ ለኛ ሙዚቃ ባዕድ አይደለም፣ ከኪቦርድ ይልቅ ባለ ክር መሣሪያዎቹ ለማሲንቆ ይቀርባሉ፣ ጆሮ ያለው ሰው ካሠለጠናቸው።

ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ማሲንቆ የሚጫወቱ አባት ልምምዳችን ላይ መጥተው ነበር፣ አብሮን ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ነበር ያኔ። እሳቸው ክሩን አጥብቀው ትንሽ ጎትተው አምባሰል ጀመሩ፣ ልጁ በኪቦርዱ ሊከተላቸው ሞከረ፣ ሁለቴ ሦስቴ ነካ ነካ አደረገና በራሱ ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭኖ ዘጋው፣ ማንም ምንም አላለውም። እኛ እሳቸው ወዳሉበት ተጠጋን፣ ማንም ዝቅ በሉ ከፍ በሉ ሳይለን ሁላችንም እሳቸው ላይ አረፍን። ከዛ "ልጆቼ፣ ይሄን በብዙ ማሲንቆ ብትሰሙት ኖሮ" አሉ። እኔም ያን ጊዜ ያሰብኩት ስምንት ቫዮሊን ከሳቸው ጋ ቢሆን ኖሮ ነው።

አራት ድምፅ የሚባለው ነገርም አለ፣ ሶፕራኖ አልቶ ቴነር ቤዝ። እኛ ሀገር የህብረት ዘፈን አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል፣ የሚቀበለው ሁሉ አንድ ዜማ ነው የሚለው። ከውጭ ኳየር ቀድቶ በላዩ ላይ መደርደር ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም የነሱ ድርድር ዶ ሚ ሶል ብሎ ነው የሚጀምረው፣ አምባሰልን ከዶ ብትነሳ ያሉህ አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ናቸው፣ ቢሞል ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፣ ሚ የሚባል የለም። ሚ-ን በግድ ስትከታት አምባሰሉ ይሞታል፣ ቆንጆ ይመስላል ግን አምባሰል አይደለም። እኛ በሙከራ ያገኘነው ቤዞቹ ዶ-ን ይዘው ሲቆሙ፣ ቴነሮቹ ሶል ላይ፣ አንዳንዴ ፋ ላይ፣ ዜማው ከላይ ሲሄድ ነው ያማረው። ይሄን በወጉ የተማረ ሰው ቢሠራው የት እንደሚደርስ አስቡት። አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ደግሞ ከዚህም የባሰ ከባድ ነው፣ እሱን ገና አልደፈርነውም።

ይሄ ሥራ ከየትም በፊት ወሎ ላይ መሠራት አለበት ብዬ አምናለሁ። ባቲ ሰኞ ገበያዋ የሚታወቀው ከተማችን ናት፣ አምባሰል ተራራችን ነው፣ አንድ የኢትዮጵያ ልጅ የትም ቦታ ሙዚቃ ሲማር ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱን በኛ ሀገር ስም ነው የሚጠራቸው። ገና ቀን ላሊበላ ሄዶ ቤተ ማርያም ዙሪያ የቆመ ሰው ህብረ ድምፅ ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገውም፣ ቤዛ ኩሉ ሲባል ካህናቱ ገሚሱ ላይ ዓለቱ ጫፍ ላይ ገሚሱ ታች ግቢው ውስጥ ሆነው ላይ ያሉት ሲያወጡ ታች ያሉት ይቀበላሉ፣ ያለ ማይክ፣ ዓለቱ ራሱ ድምፁን ይመልሰዋል። ጀማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ የመውሊድ ሌሊት ያደረ ሰውም እንደዛው ነው፣ አንድ መንዙማ አውጪ ድምፁን ሲያነሳ ያ ሁሉ ህዝብ በአንድ ጉሮሮ ሲቀበል። እናንተ ኃላፊዎችም እኮ እነዚህ ቦታዎች ቆማችሁ ታውቃላችሁ። የላሊበላ ኪነትም ከዚሁ ከወሎ ወጥቶ ሀገር ያስጨበጨበ ቡድን ነው፣ ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊ ያየንበት ነው። በወላጆቻችን ዘመን የሚደገፍ ቡድን፣ ደሞዝ ያለው ተጫዋች፣ ልምምድ የሚደረግበት ቤት ነበር ማለት ነው። አዲስ ነገር አልጠየቅንም።

ሀገራችን ውስጥም ኦርኬስትራ ከትላንት ወዲያ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንድያን እየተመሩ አዲስ አበባ ላይ ነፉ፣ በኋላ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሲያቀናብሩና ሲያሠለጥኑ ኖሩ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም የኛን ዜማ ለሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጽፈዋል። ግን ሁሉም አዲስ አበባ ቀረ። ደሴ ላይ ቫዮሊን መማር የሚፈልግ ልጅ ዛሬም መንገድ ነው የሚጠብቀው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ናት፣ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ነው ምትሠራው፣ ማታ ደግሞ ያለችበት አካባቢ ኦርኬስትራ ጋ በሚዘፍን የበጎ ፈቃድ ኳየር ውስጥ ትዘፍናለች። መጀመሪያ ስትነግረኝ ይከፈልሻል ወይ አልኳት፣ ኧረ እንዲያውም ኖታውን እኔው ነኝ የገዛሁት አለችኝ። አሠራሩን በደንብ ጠይቄያታለሁ። ለመግባት ድምፅ ትፈተናለህ፣ በሳምንት አንድ ማታ ልምምድ አለ፣ አንድ ኮንሰርት ለማዘጋጀት ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ያን ሁሉ ጊዜ በፒያኖ ብቻ ነው የሚያጠኑት። ኳየሩን የሚያዘጋጅ የራሱ መሪ አለው። የኦርኬስትራው ዋና መሪ፣ ኮንዳክተሩ፣ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከኦርኬስትራው ጋ አብረው የሚለማመዱት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ተጫዋቾቹ በየልምምዱ ይከፈላቸዋል፣ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። የመጀመሪያ ኮንሰርቷ የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ነበር፣ ሲምፎኒ ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሥራ ነው፣ ኳየሩ የሚዘፍነው አራተኛው ክፍል ላይ ብቻ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ መድረክ ላይ ተቀምጠው ነው ሚጠብቁት፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፣ ግን ኮንትራባሶቹ ሲጀምሩ ወንበሬ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፣ እንደ ከበሮ ሆዴ ውስጥ ነው የገባው አለችኝ። ስልክ ላይ እያወራች አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

ይሄ የአንድ ከተማ ነገር አይደለም። የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋ የሚዘፍነው የታንግልዉድ ኳየር ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ነው የኖረው፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የለንደን ሲምፎኒ ኳየርም የበጎ ፈቃደኞች ነው። ራሱ ዘጠነኛው ሲምፎኒ በ1824 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ መጀመሪያ ሲቀርብ ኳየሩ ውስጥ በፍቅር የሚዘፍኑ ደሞዝ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ዘፋኝ በበጎ ፈቃድ መሆን የሚችለው ድምፁ አብሮት ስለሚኖር ነው፣ ልብስ እየሰፋ ያንጎራጉራል፣ ባጃጅ እየነዳ ያጠናል። ቫዮሊን ግን እንደዛ አይደለም፣ ከልጅነት ጀምሮ በቀን ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፣ ክሩ ይገዛል፣ ቀስቱ ይገዛል፣ ያን ልጅ በነፃ ተጫወት ብትለው ከአንድ ዓመት በኋላ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይዞ ነው ምታገኘው፣ እውነቱንም ነው መብላት አለበት። ስለዚ እኛ በነፃ እንዘፍናለን ስንል ያንን ብር ለነሱ አድርጉት ማለታችን ነው።

ድሆች ነን፣ ጦርነት ላይ ነበርን፣ አሁን ለሙዚቃ የሚሆን የለም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጦርነቱን እኔም እዚሁ ነበርኩ። በ2014 ደሴ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሙዚየማችን ተዘርፏል፣ እኛም ስፒከራችንና ሁለት ክራራችን ሄዷል፣ ከጓደኞቻችን መሃል ተፈናቅለው ያልተመለሱ አሉ። ስንመለስ መጀመሪያ የተሰበሰብነው 9 ሆነን ነበር። ማንም ምን እንዝፈን አላለም፣ ዝም ብለን ተያየን፣ ከዛ አንዷ የሠርግ ዘፈን አነሳች፣ ለምን የሠርግ እንዳነሳች እስካሁን አልጠየቅኳትም፣ ሁላችንም ተቀበልናት። 9 የነበርን ዛሬ 36 ነን።

ኪንሻሳንም ተመልከቱ። እዛ በ1994 እ.ኤ.አ. አርማንድ ዲያንጊዬንዳ የሚባል የቀድሞ ፓይለት ኦርኬስትራ መሠረተ፣ ሲጀምሩ ጥቂት ቫዮሊን ነበራቸው፣ በተራ በተራ ነበር የሚለማመዱት፣ ክር ሲበጠስ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተክተው ተጫውተዋል። ኮንጎ ውስጥ ጦርነቱም ድህነቱም እያለ ኦርኬስትራና ኳየሩ ተደምሮ ወደ 200 ሰው ደረሰ፣ ዓለም ላይ ዞረው ተጫወቱ። አብዛኞቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ላይ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፣ እንደኛው።

ስለዚ የምንጠይቀው ይሄ ነው። አንድ አዳራሽ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ11፡30 እስከ 1፡30፣ ቁልፉ በእጃችን ይሁን፣ ስብሰባ አለ ተብሎ በር ላይ እንዳንቆም። ትልቅ ኦርኬስትራ አሁን አንጠይቅም፣ ለኛም አይሆንም፣ 70 ተጫዋች ፊት 36 ሰው ቢጮህ አይሰማም፣ ለዛ ወደ 100 ዘፋኝ ያስፈልጋል፣ እሱ ቀስ እያለ ይመጣል። ለጅማሬ 13 ባለ ክር ይበቃል፣ 8 ቫዮሊን፣ 2 ቪዮላ፣ 2 ቼሎ፣ 1 ኮንትራባስ፣ በዛ ላይ የራሳችን ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ። ለነሱ በየልምምዱና በየኮንሰርቱ የሚከፈል ገንዘብ በዓመቱ በጀት ውስጥ በስም ይቀመጥ፣ ለበዓል ተብሎ የሚመጣና የሚጠፋ አይሁን። ከያሬድ የተመረቁ ልጆች አሉ፣ ወደ ወሎ የሚመለሱበት ምክንያት ስጧቸው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የያዝናቸውን የአያቶች ቅጂዎች በኖታ የሚጽፍልን፣ ማጥበቁንና ማላላቱን ሳይቀር ምልክት የሚያደርግ ባለሙያ ይመድብልን፣ እነዛ እናቶች አርጅተዋል፣ ከቀዳናቸው ሁለቱ አሁን በሕይወት የሉም። ባለሀብቶቻችንን ምንለምነው መሣሪያውን ነው፣ ውጭ ያላችሁ ወሎዬዎችም ቤታችሁ ተቀምጦ አቧራ የጠጣ ቫዮሊን ካለ ላኩልን።

የመጀመሪያውን ኮንሰርት የት ብትሉኝ አይጠየፍ አዳራሽ እላለሁ፣ ቅርስ መሆኑን አውቃለሁ፣ ጥገናውም ጥንቃቄውም በባለሙያ ይሁን፣ ግን ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት ቤት ነው፣ ስሙም እንግዳ አይመርጥም የሚል ነው። አንድ ምሽት፣ ያለ ማይክ፣ ያለ ፍላሽ። ከፊት ወንበር ላይ ባለሥልጣን ብቻ እንዳይሆን፣ ዜማውን የሰጡን እናቶች ይቀመጡ።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን መጥታችሁ ስሙን። ማክሰኞ ማታ ነው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ባጃጅ ቆማ ካያችሁ ተጀምሯል ማለት ነው። ማንኳኳት አያስፈልግም፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ጋቢ ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል፣ ከበሩ በስተግራ ቤዞቹ ጋ ቦታ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኳየሩ አልቶዎች አንዷ፣ ደሴ